ሶፍትዌር ምንድን ነው? ማንስ ይጽፈዋል?

ዛሬ በብዙ የገጠር ቤት የእጅ ስልክ አለ። በስልክ ከዘመድ ጋር እንነጋገራለን። የእህል ዋጋ እንጠያየቃለን። ቴሌብር የተባለው አገልግሎት በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ በስልክ ገንዘብ መላክና መቀበል እየተለመደ መጥቷል። ልጅ ከከተማ ይልካል፤ እናት በቀበሌዋ ሆና ትቀበላለች።

ታዲያ ይህን ሥራ የሚሠራው ማን ነው? ስልኩን ፈተን ብናየው የምናገኘው ብረት፣ ፕላስቲክና መስተዋት ነው። ብረት በራሱ አይቆጥርም፤ መልእክትም አያደርስም። ብረቱን የሚያሠራው በውስጡ ተጽፎ የተቀመጠ ትእዛዝ ነው። ይህ የተጻፈ ትእዛዝ ፕሮግራም ይባላል። ፕሮግራሞች በጠቅላላ ስማቸው ሶፍትዌር ይባላሉ።

በዚህ ጽሑፍ ሶፍትዌር እንዴት እንደሚጻፍ፣ በቅርብ ዓመታት ምን አዲስ ነገር እንደ መጣና እኛ ምን ማወቅ እንደሚገባን እንመለከታለን። ዓመቶቹን የጻፍነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ያልተጻፈውን አይሠራም

አንድ አባት ልጁን «ሂድና በጎቹን አምጣ» ቢለው ልጁ ይገባዋል። በሩን ከፍቶ ይወጣል። በጎቹን ይቆጥራል። አንዷ ብትጎድል ይፈልጋታል። አባቱ ይህን ሁሉ አልነገረውም። ልጁ ግን አእምሮ ስላለው ያልተነገረውን ራሱ ይሞላል።

ኮምፒዩተር ግን እንዲህ አይደለም። ስልክም ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። የሚሠራው ሁሉ አንድ በአንድ ሊጻፍለት ይገባል። ያልተጻፈለትን አይሠራም። በስሕተት የተጻፈለትንም ሳያመነታ ይሠራዋል።

ለምሳሌ 500 ብር በስልክ ለመላክ ፕሮግራሙ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ያስፈልገዋል እንበል። አንደኛ፣ በላኪው ሒሳብ ስንት ብር እንዳለ እይ። ሁለተኛ፣ ከ500 ብር ካነሰ አትላክ። ሦስተኛ፣ ካላነሰ ከላኪው ላይ 500 ብር ቀንስ። አራተኛ፣ ለተቀባዩ 500 ብር ጨምር። አምስተኛ፣ ለሁለቱም መልእክት ላክ።

እስቲ ሁለተኛዋ መስመር ብትረሳ ምን ይሆናል? ገንዘብ የሌለው ሰው ገንዘብ ይልካል! አራተኛዋ ብትረሳስ? ከላኪው ላይ ይቀነሳል፤ ለተቀባዩ ግን አይደርስም። አንዲት መስመር እንዲህ ታደርጋለች።

የገንዘብ ፕሮግራም ሲበላሽ ጉዳቱ ምን ያህል እንደ ሆነ በአገራችን ታይቷል። ከመጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች የሆኑ ብዙ ሰዎች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለ አግባብ ወጣ። ባንኩ ችግሩ ከውጭ የተሰነዘረ ጥቃት እንዳልሆነ፣ ከራሱ የኮምፒዩተር ሥርዓት ማሻሻያ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጸ። ማን ስንት እንደ ወሰደ ግን በመዝገብ ላይ ስለ ነበረ፣ ባንኩ ሰዎቹን በየስማቸው እየጠራ ብዙውን ገንዘብ አስመለሰ።

ከየቤቱ ወፍጮ ወደ ሞተር ወፍጮ

ቀደም ሲል ፕሮግራም የሚቀመጠው በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ውስጥ ነበር። ይህም በየቤቱ ካለው የድንጋይ ወፍጮ ጋር ይመሳሰላል። የአንዱ ቤት ወፍጮ ቢሰበር የጎረቤቱ ይፈጫል።

በ1981 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ አገር በጄኔቫ ከተማ አጠገብ ባለ ሰርን በተባለ የምርምር ተቋም የሚሠራ ቲም በርነርስ ሊ የተባለ እንግሊዛዊ አዲስ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡም በሩቅ ኮምፒዩተር የተቀመጠውን ጽሑፍ በያለንበት ሆነን እንድናነብ የሚያስችል ነው። ይህም ዌብ ተባለ። ተቋሙ ሚያዝያ 22 ቀን 1985 ዓ.ም. ዌብን ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ፈቀደ።

በመጀመሪያ ዌብ የሚነበብ ጽሑፍ ብቻ ነበር። ቆይቶ ግን ፕሮግራሞችም በዚሁ መንገድ መሥራት ጀመሩ። ዋናው ፕሮግራምና መዝገቡ ሰርቨር በሚባል ትልቅ ኮምፒዩተር ይቀመጣል። የእኛ ስልክ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ ይመልሳል። እንዲህ ያለው ፕሮግራም የዌብ መተግበሪያ ይባላል።

ይህ እንደ ሞተር ወፍጮ ነው። አንድ ወፍጮ ለአካባቢው ሁሉ ይፈጫል። ሥራው ይፈጥናል፤ ድካም ይቀንሳል። ወፍጮው ሲጠገን ሁሉም ይጠቀማል። ሲሰበር ግን ሁሉም እህሉን ይዞ ይቀመጣል። የዌብ መተግበሪያም ጥቅሙና አደጋው ይኸው ነው።

አሥራ አንድ መስመር

ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያ አይጽፍም። ሌሎች ቀደም ብለው የጻፉትን እየወሰደ ይገጣጥማል። ብዙዎቹ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን ማንም እንዲያነበውና እንዲጠቀምበት በነጻ ያስቀምጣሉ። ይህ እንደ ደቦ ያለ መረዳዳት ነው። የተጻፈው የሚቀመጥበት የጋራ ጎተራም አለ። ለዌብ መተግበሪያ ከሚያገለግሉት ጎተራዎች አንዱ ኤንፒኤም ይባላል።

ደቦው ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል። አንድ ወጣት ብቻውን በጥቂት ሳምንት የሚሠራውን ነገር ጥንት ብዙ ሰው በዓመትም አይጨርሰውም ነበር። ይሁን እንጂ የራሱ ችግር አለው።

መጋቢት 13 ቀን 2008 ዓ.ም. የሆነውን እንመልከት። አንድ ጸሐፊ በስም ጉዳይ ከጎተራው አስተዳዳሪዎች ጋር ተጋጨ። ተቆጥቶም ያስቀመጠውን ሥራ ሁሉ አወጣ። ከነዚያ መካከል ሌፍት ፓድ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ነበረች። ርዝመቷ 11 መስመር ብቻ ነው። ሥራዋም ከጽሑፍ ወይም ከቁጥር በስተግራ ክፍት ቦታ ወይም ዜሮ መጨመር ነው። ይህም ቁጥሮችን አንዱን ከሌላው ሥር ስንጽፍ 7 ከ125 ጋር እንዲስተካከል በግራ በኩል ቦታ እንደምንተው ነው።

እንግዲህ ይህች ትንሽ ፕሮግራም በወጣች ጊዜ በዓለም ዙሪያ የብዙ ድርጅቶች ሥራ ቆመ። ለምን? እሷን የሚጠቀም ፕሮግራም ነበረ፤ ያንን የሚጠቀም ሌላ ነበረ፤ ያንንም የሚጠቀም ሌላ። ብዙዎቹ ሌፍት ፓድ የምትባል ነገር በሥራቸው ውስጥ መኖሯን እንኳ አያውቁም ነበር። ከሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ አስተዳዳሪዎቹ መልሰው አስቀመጧት። ከዚያም ሌሎች የሚጠቀሙበትን ሥራ እንደ ፈለጉ ማውጣት እንዳይቻል ደንብ አወጡ።

ገበሬ ይህን ነገር በደንብ ያውቀዋል። ሞፈሩ ጠንካራ፣ ማረሻው የተሳለ፣ በሬዎቹም የጠገቡ ቢሆኑ፣ ትንሿ ወገል ከጠፋች እርሻው ይቆማል።

ግማሽ ሴኮንድ

ሌላው አደጋ ክፉ ሰው ወደ ደቦው ሲገባ ነው። ኤክስዜድ የምትባል ፕሮግራም አለች። ሥራዋ የኮምፒዩተር ጽሑፍን ማጥበብ ነው፤ ጭድ ተጠቅጥቆ ሲታሰር ትንሽ ቦታ እንደሚይዝ ማለት ነው። በዓለም ላይ ባሉ እጅግ ብዙ ሰርቨሮች ውስጥ ትገኛለች። ለብዙ ዓመት በትርፍ ጊዜው ያለ ደመወዝ ሲጠግናት የኖረው ግን አንድ ሰው ነበር።

ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ ሌላ ሰው «ልርዳህ» ብሎ መጣ። ከሁለት ዓመት በላይ መልካም ሥራ እየሠራ አመኔታ አገኘ። በዚሁ ጊዜ ውስጥ ቁልፉም ተሰጠው። በ2016 ዓ.ም. በፕሮግራሟ ውስጥ ስውር በር ሠራ። በበሩ የሚገባ ሰው የሌላውን ሰርቨር እንደ ባለቤቱ ማዘዝ ይችል ነበር።

ማን ደረሰበት? አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ፕሮግራም ጸሐፊ ወደ አንድ ኮምፒዩተር ሲገባ ሥራው ከወትሮው በግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን አየ። ግማሽ ሴኮንድ ማለት ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያለ ጊዜ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ያልፈው ነበር። እርሱ ግን «ለምን ዘገየ?» ብሎ መረመረ። ስውሩን በር አግኝቶ መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ለሁሉም አሳወቀ። ክፉው ሥራ በብዙ ሰርቨሮች ሳይሰራጭ ተያዘ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የጋራ ዕቃ ጠባቂው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን አደጋ አለው። ሁለተኛ፣ ክፉው ሥራ የተገኘው ጽሑፉ ለማንም ግልጽ ስለ ነበረና የሚያነብ ሰው ስለ ተገኘ ነው።

አዲሶቹ የሥራ መሣሪያዎች

ፕሮግራም ጸሐፊዎች ስሕተትን የሚቀንሱባቸው መሣሪያዎች አሏቸው። አንዱ በ1997 ዓ.ም. ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተወላጅ የሠራው ጊት ነው። ጊት እንደ ዕድር መዝገብ ነው። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደ ለወጠ ይመዘግባል። ሥራ ሲበላሽም ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል።

ሌላው መሞከሪያ ፕሮግራም ነው። ዘር ከመዝራታችን በፊት ጥቂት ፍሬ አርሰን መብቀሉን እንደምናይ፣ ይህም ፕሮግራም ሌላውን ፕሮግራም ይፈትናል። «500 ብር ያለው ሰው 600 ብር ቢልክ እምቢ ይላል ወይ?» ብሎ ይሞክራል። እምቢ ካላለ ሥራው ወደ ሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ይታረማል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነው። በ2013 ዓ.ም. ኮፓይለት የተባለው፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ቻት ጂፒቲ የተባለው ወጡ። እነዚህ መሣሪያዎች እጅግ ብዙ ጽሑፍ እንዲማሩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ከተማሩት ተነሥተው ከአንዱ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል እንደሚመጣ እየገመቱ ይጽፋሉ። ሰው በተራ ንግግር «እንዲህ ያለ ፕሮግራም ጻፍልኝ» ሲላቸው በጥቂት ደቂቃ ይጽፋሉ። ፕሮግራም መጻፍ ያልተማረ ሰው እንኳ ትንሽ መተግበሪያ ማሠራት ችሏል።

ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ፈጥኖ መጻፍና አስተካክሎ መጻፍ አንድ አይደሉም። መሣሪያው የተሳሳተውንም ልክ እንደ ትክክለኛው በድፍረት ይጽፈዋል። አንዳንዴም በጋራ ጎተራው ውስጥ የሌለ ፕሮግራም ስም ጠርቶ «ይህን ተጠቀም» ይላል። ክፉ ሰው ደግሞ በዚያ ስም ጎጂ ፕሮግራም ጽፎ ጎተራው ውስጥ ሊያስቀምጥ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው የጻፈውን የሚያነብና የሚያርም ሰው ዛሬም ያስፈልጋል። እንዲያውም ጽሑፉ በበዛ መጠን አንባቢው ይበልጥ ያስፈልጋል። አዝመራ ሲበዛ አጫጅ እንደሚፈለግ ማለት ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

ብዙዎቻችን ፕሮግራም አንጽፍም። ነገር ግን በፕሮግራም እንጠቀማለን፤ ገንዘባችንም ስማችንም በውስጡ አለ። ስለዚህ የሚከተለውን እንጠብቅ።

1. ገንዘብ ስንልክ ከመጫናችን በፊት የተቀባዩን ስምና የብሩን መጠን እናንብብ። ስልኩ ያዘዝነውን እንጂ ያሰብነውን አይሠራም።

2. የምስጢር ቁጥራችንን ለማንም አንስጥ። «ከባንክ ነው የምደውለው፣ ቁጥሩን ንገረኝ» የሚል ሰው ቢመጣ አንንገረው። ትክክለኛ የባንክ ሠራተኛ የምስጢር ቁጥር አይጠይቅም።

3. ገንዘብ መላካችንን የሚገልጸውን መልእክት አናጥፋ። ክርክር ቢነሣ ማስረጃችን እሱ ነው።

4. የእኛ ያልሆነ ገንዘብ በሒሳባችን ቢገባ አንንካው። የተሳሳተ ፕሮግራም የሰጠን ገንዘብ የእኛ አይሆንም። መዝገቡም ይቀራል።

5. ያልገባንን እንጠይቅ። አንዳንድ ሰው ስሕተት ሲያሳዩት «ምን ላድርግ፣ ኮምፒዩተሩ ነው እንዲህ ያለው» ይላል። ይህ በቂ መልስ አይደለም። ኮምፒዩተሩ የሚለው ሰው የጻፈለትን ወይም የሞላለትን ነው። ሰው የጻፈው ደግሞ ሊሳሳት ይችላል። «እባክዎን እንደገና ይመልከቱልኝ» ማለት መብታችን ነው።

ፊደል ያልቆጠረ ሰው የተጻፈበትን ወረቀት ሳያውቅ በጣቱ ይፈርም ነበር። ዛሬ ማንበብ የቻለ ሰው ግን አንብቦ ይፈርማል። ስልክ ላይ መጫንም መፈረም ነው። ሶፍትዌርም ምንም ያህል ቢረቅ ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ይነበባል፤ ይጠየቃል፤ ይታረማል።

ጥያቄዎች

ሀ. ኮምፒዩተር ያልተጻፈለትን የማይሠራው ለምንድን ነው?

ለ. 11 መስመር ብቻ የነበራት ፕሮግራም ስትወጣ የብዙ ድርጅቶች ሥራ የቆመው ለምንድን ነው?

ሐ. የሞተር ወፍጮና የዌብ መተግበሪያ በምን በምን ይመሳሰላሉ?

መ. በስልክ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የምታነቡት ምንድን ነው? ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩበት።