መስታወት የሌለበት ሙዚየም፦ በአውሮፓ የጥንቱን ኑሮ ማየት

ከፈተና በኋላ ርካሽ ትኬት አግኝተን ወደ አውሮፓ ስንሄድ አብዛኞቻችን የምናየው አደባባይ፣ ቤተ መንግሥትና ገበያ ነው። ከከተማ ትንሽ ወጣ ካልን ግን ሌላ የሚታይ ነገር አለ፤ ጽሕፈት ከመታወቁ በፊት የነበሩ ሰዎችን መኖሪያ በሙሉ መጠኑ ሠርተው የሚያሳዩ የሜዳ ሙዚየሞች። እዚያ ዕቃው መስታወት ውስጥ አይቆለፍም። ቤቱ ይገባበታል፣ እሳት ይነዳል፣ እህል ይፈጫል።

በ1891 በስቶክሆልም የተከፈተው ስካንሰን ከየገጠሩ የተነሡ እውነተኛ የቆዩ ቤቶችን ይዟል። ከሺህ ዓመታት በፊት ከተሠራ የእንጨትና የጭቃ ቤት የሚቀረው ግን ብዙውን ጊዜ ምሰሶው የቆመበት ጉድጓድ፣ የምድጃ አመድና የሸክላ ስባሪ ብቻ ነው። ስለዚህ በጥንት ዘመን ሙዚየሞች የምናየው ቤት አዲስ ነው፤ በቁፋሮ ማስረጃ ላይ የቆመ ግምት ነው። ምሰሶው የት እንደነበር መሬቱ ይናገራል፤ ስለ ጣሪያው ግን ብዙም አይናገርም።

ግምቱን መፈተኛው መንገድ መሥራት ነው። በደቡብ እንግሊዝ በሚገኘው በትሰር የጥንት እርሻ፣ አርኪዮሎጂስቱ ፒተር ሬይኖልድስ ከ1972 ጀምሮ የብረት ዘመን ክብ ቤቶችን እየሠራ ሞከረ። የሳር ጣሪያ የጭስ ቀዳዳ እንደማያስፈልገው አየ፤ ጭሱ በሳሩ መሃል ሾልኮ ይወጣል፣ ቀዳዳ ቢከፈት ግን ነፋሱ እሳቱን አራግቦ ጣሪያውን ሊያቃጥል ይችላል። እህልም ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ አፉን ደፈነ። ዳር ዳሩን ያለው እህል ሲበቅል ኦክስጅኑን ይጨርሳል፤ ጉድጓዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላል፤ የቀረው እህል የብርዱን ወራት ሳይበላሽ ያልፋል።

ሳር ቤት ውስጥ ላደጉ እናቶቻችን የጭሱ ነገር ዜና አይደለም። እህል በጉድጓድ ማኖርም በኢትዮጵያ የታወቀ ነው። እዚህ ላይ ግን እንጠንቀቅ። ዘዴው የተመሳሰለው ዕቃው ስለተመሳሰለ ነው፤ ሳር፣ እንጨትና ጭቃ በየትም አገር ጠባያቸው ተቀራራቢ ነው። አያቶቻችን የኖሩት በሃያኛው መቶ ዓመት ነው፤ ኦሪት እየተነበበላቸው፣ ሰንበት እያከበሩ፣ ገበያ እየወጡ። አንድ ሰው ሳር ክዳኑን አይቶ «እናንተ እኮ በድንጋይ ዘመን ነበራችሁ» ቢለን፣ ዝም ብለን ማለፍ የለብንም።

ሙዚየም ማን እንደሚያስተርከውም እንጠይቅ። በፖላንድ ቢስኩፒን በ1933 አንድ የትምህርት ቤት መምህር ከሐይቅ ዳር ብቅ ያሉ የጥንት እንጨቶችን አየ። ረግረጉ ጠብቆ ያቆየው ያ ሰፈር ከ2,700 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። የፖላንድ ምሁራን የስላቮች አባቶች መንደር ነው አሉ። ናዚዎች አገሩን ሲይዙ የኤስ ኤስ አርኪዮሎጂስቶች ቁፋሮውን ተረክበው የጀርመኖች ነው ሊያሰኙ ሞከሩ። እንጨት ግን መቼ እንደተቆረጠ እንጂ ቆራጩ ምን ቋንቋ ይናገር እንደነበር አይነግርም። በጀርመን ኮንስታንስ ሐይቅ ላይ በ1922 የተከፈተውን የኡንተርኡልዲንገን የእንጨት ቋሚ ቤቶች ሙዚየምም በናዚ ዘመን የመራው የፓርቲው አርኪዮሎጂስት ሃንስ ራይነርት ነበር። ወደ ፖላንድ የሚደረገው ጉዞ ለእኛ ብዙ ጊዜ ከሸዋ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቢስኩፒን የዘር ትምክህት ጥንታዊ ታሪክን እንዴት እንደተጠቀመበት ያሳየናል።

ከልጆች ጋር ለሚሄድ፣ ከኮፐንሃገን ብዙ የማይርቀው ሌይረ ጥሩ ነው። በ1964 የተመሠረተ ሲሆን በበጋ ቤተሰቦች በብረት ዘመን ቤቶች ውስጥ ለጥቂት ቀናት የሚኖሩበት ዝግጅት አለው። በብርድ ወራት ብዙዎቹ ቦታዎች ስለሚዘጉ ወይም ሰዓት ስለሚቀንሱ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ኮሸር የሚጠብቅ ስንቁን ይያዝ።

በማኅበራዊ ሥራ ትምህርታችን ሽማግሌዎቻችን ብዙ ጊዜ የሚነሡት እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው ሰዎች ነው። የአውሮፓ ምሁራን ከምሰሶ ጉድጓድ ተነሥተው ዓመታት የሚደክሙበትን ጥያቄ ግን እነርሱ ቡና እየጠጡ ይመልሱታል። ሳሩ በየትኛው ወር ይታጨዳል? ጭቃው ከምን ጋር ይቦካል? ምጣዱ እንዳይሰነጠቅ እንዴት ይተኮሳል? ከጉዞው በፊት እነዚህን ጠይቀን በስልካችን እንቅዳ፤ ስንመለስም ያነሣነውን ፎቶ አሳይተን የት ላይ እንደተሳሳቱ እንስማ።