ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ

የሰው ልጅ ከሌሎች ፍጥረታት ከሚለይባቸው ነገሮች አንዱ ነገን ማሰቡ ነው። ገበሬው በሰኔ ዘሩን የሚበትነው የኅዳሩን አዝመራ በዓይነ ኅሊናው አይቶ ነው፤ ወታደሩ በልምምድ ሜዳ ላቡን የሚያፈሰው፣ ተማሪውም መጽሐፉን ይዞ የሚያመሸው ገና ያልመጣውን ቀን ተስፋ በማድረግ ነው። ይህ ምኞት ባይኖር ኖሮ ትምህርት ቤት ባልተሠራ፣ መንገድም ባልተጠረገ ነበር። ይሁን እንጂ ምኞት ልጓም ካጣ ጋላቢውን ይዞ ገደል እንደሚገባ ፈረስ ይሆናል። አበው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ማለታቸውም ስለዚሁ ነው።

ለዚህ አባባል ከጥንት የጦር ታሪክ ውስጥ ከፒሩስ የበለጠ ምስክር ማግኘት ያዳግታል። ፒሩስ በሰሜን ምዕራብ ግሪክ የነበረችው የኤፒሩስ ንጉሥ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ280 ሠራዊቱንና 20 ዝሆኖቹን በመርከብ ጭኖ ወደ ኢጣልያ ለመዝመት ሲሰናዳ፣ ኪንያስ የተባለው አማካሪው ሮማውያንን ድል ካደረጉ በኋላ ምን እንደሚያደርጉ ጠየቀው ይላል፤ ፕሉታርክ የተባለው የጥንት ጸሐፊ። ንጉሡም መላዋን ኢጣልያን፣ ቀጥሎ ሲሲሊያን፣ ከዚያም ሊቢያንና ካርታጎን፣ በመጨረሻም መቄዶንያንና ግሪክን እንደሚይዝ አስረዳ። ከዚያ ወዲያስ ቢባል፣ ያን ጊዜማ ዐርፈን እየጠጣንና እየተጫወትን እንኖራለን ሲል መለሰ። ኪንያስም፣ ይህን ሁሉ ደም ሳናፈስና መከራ ሳንቀበል ዛሬውኑ ዐርፈን ከመጫወት የሚከለክለን ማነው አለው።

ነገሩ የንጉሡን ልብ ቢነካውም ሐሳቡን አላስለወጠውም። በ280 በሄራክሊያ፣ በ279 ደግሞ በአስኩሉም ሮማውያንን አሸነፈ፤ ነገር ግን ብዙ የጦር አለቆቹና ምርጥ ወታደሮቹ አለቁበት። ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዘነ ድል እስከ ዛሬ ድረስ «የፒሩስ ድል» መባሉ ከዚህ የተነሳ ነው። በ275 ያሰበውን ሳያገኝ ከኢጣልያ ተመለሰ። በ272 በአርጎስ ከተማ ጎዳና ሲዋጋ፣ አንዲት አሮጊት ከጣሪያ ላይ በወረወረችው ሸክላ ተመትቶ ወደቀ፤ በወደቀበትም ተገደለ። ዐርፎ ሊጫወትበት ያሰበው ቀን ሳይመጣለት ቀረ።

በዚህ ረገድ በየደጃችን የሚጋደመው ውሻ ከንጉሡ ሳይሻል አይቀርም። ውሻ ሌሊቱን ግቢ ሲጠብቅ ያድራል፤ ኮሽታ በሰማ ቁጥር ከተኛበት ይነሳል። ፀሐይ ስትወጣ ግን ግድግዳ ተጠግቶ ይሞቃል እንጂ ትናንት ስላመለጠው ሌባ አይብሰለሰልም፤ ነገ ስለሚጣልለት አጥንትም አይጨነቅም። ድመትም አይጥ ስታደባ ትንፋሿ እንኳ አይሰማም፤ ብዙ ጊዜም ታመልጣታለች። ቢሆንም ከምድጃው ዳር ተጠቅልላ ስታንኮራፋ ቁጭት አይታይባትም። የቤት ድመት ከ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሰዓት ያህል ትተኛለች። እነዚህ እንስሳት ሰነፎች አይደሉም፤ ሲሠሩ በሙሉ ልብ ይሠራሉ፣ ሲያርፉም በሙሉ ልብ ያርፋሉ።

ከእነርሱ ጋር መዋል ለሰውም ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ የጃፓናውያን ተመራማሪዎች ጥናት፣ ውሻና ባለቤቱ ረዘም ላለ ጊዜ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ እናትና ሕፃንን የሚያቀራርበው ኦክሲቶሲን የተባለ ንጥረ ነገር በሁለቱም ዘንድ እንደሚጨምር አሳይቷል። ይህ ደስታ ገንዘብም ሹመትም አይጠይቅም።

ይህ ሲባል ግን ሰው እንደ ድመት ተጠቅልሎ ይተኛ ማለት አይደለም። ውሻ ልጆቹን ትምህርት ቤት አይልክም፤ ድመትም ለክረምት ቤቷን አትከድንም። ይህ ግዴታ የሰው ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ለነገ መድከም ዛሬን ሙሉ በሙሉ ሲውጠው ነው። ከረጅም ግዳጅ በኋላ ፈቃድ አግኝቶ ቤቱ የገባ ወታደር ስለ ማዕረግ ዕድገቱ ሲያብሰለስል ከሰነበተ፣ ልጁ ጉልበቱ ላይ ተቀምጦ ያወራለትን አንዱንም ሳይሰማ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ፈቃዱ ሌላ ጊዜ ይሰጠው ይሆናል፤ ልጁ ግን በሚቀጥለው ፈቃድ ያው ልጅ አይሆንም። ነጋዴውም ቤት ሠርቼ ስጨርስ እቀመጣለሁ እያለ፣ ባለቤቱ ያፈላችውን ቡና አቦሉን ብቻ ቀምሶ ይወጣል። ቤቱ ያለቀ ዕለት ቶናና በረካውን አብሮት የሚጠጣው ሰው መኖሩን ማን ዋስ ሊሆንለት ይችላል?

«ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ» የሚለው ተረት ዘወትር የሚነገረው ያሰበው ያልደረሰለትን ሰው ለማዘን ነው። ይሁንና እንደ ምክርም ሊወሰድ ይችላል። መንገደኛ የሚሄድበትን ሩቅ አገር ሳይረሳ፣ በመሸበት ሥፍራ እሳት አንድዶ፣ ከባልንጀሮቹ ጋር እየተጨዋወተ ማደርን ማወቅ አለበት። እንዲህ ያደረ ሰው በማግሥቱ ጉልበቱ ታድሶ መንገዱን ይቀጥላል፤ ካሰበበት ባይደርስ እንኳ ያደረባቸው ሌሊቶች ባዶ አልነበሩም።