ጀግኖቻችን ቴፒ መች ይደርሳሉ?
የኢትዮጵያ ኮሚክ ከትናንት እስከ ዛሬ ሲዳሰስ

የኢትዮጵያ ኮሚክ በሥዕል በኩል የሚታማ አይደለም። የሰው አካል አሣሣሉ፣ የቀለሙ ድምቀት፣ የትግሉ ትዕይንት ከየትኛውም አገር ሥራ አጠገብ ቢቀመጥ አያሳፍርም። የጎደለው ሌላ ነው። መጽሐፉ አንባቢው እጅ አይገባም፤ የገባውም ቀጣዩ ክፍል ሳይመጣ ይረሳል። ይህን የምለው ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ግድም ርቄ፣ ቴፒ ተቀምጬ ኮሚክ የማነብ ሰው ስለሆንኩ ነው። የአገር ውስጥ ኮሚክ እዚህ የሚደርሰው አንድ ሰው ከሸገር ሲመለስ በሻንጣው ከያዘው ብቻ ነው።

በሥዕል ታሪክ መተረክ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ የሚያሳየውን ሸራ ያላየ የለም። ብዙውን ጊዜ 44 ሥዕሎች በየሳጥናቸው ተደርድረው፣ ዘንዶው ሲገደል፣ ነጋዴው ታምሪን ሲጓዝ፣ ቀዳማዊ ምኒልክ ሲወለድ በቅደም ተከተል ይታያሉ፤ ከሥራቸውም አጭር ጽሑፍ አለ። ይህ ኮሚክ ካልሆነ ኮሚክ ምን እንደሆነ አላውቅም። ያሳዝነኛል፣ ሸራው የቱሪስት ዕቃ ሆኖ ቀረ እንጂ ወደ መጽሐፍ አልተሻገረም።

ወደ ማተሚያ ቤት ቀድሞ የገባው ባለ አንድ ሳጥኑ ካርቱን ነው። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ወጥቶ የግል ጋዜጦች እንደ አሸን ሲፈሉ ካርቱንም አብሮ ፈላ። ዓለማየሁ ተፈራን የመሰሉ ካርቱኒስቶች በአንድ ሥዕል ብዙ ዓምድ የሚፈጀውን ነገር መናገር እንደሚቻል አሳዩ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ግን ብዙዎቹ ጋዜጦች ሲዘጉ ካርቱኑም ማደሪያ አጣ። ገጸ ባሕርይ ይዞ ሳምንት ለሳምንት የሚቀጥል ባለ ብዙ ሳጥን ታሪክ በዚያ ዘመን ሥር ቢሰድ ኖሮ ዛሬ የምንወያየው ስለ ሌላ ነገር በሆነ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው በቴሌቪዥን በኩል ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር የመሠረተችው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በሚለው ፕሮግራም አንዲት ትንሽ ቀጭኔ የአገር ልጅ አደረገልን። ከዚያም «ጥበብ ገርልስ» መጣ፤ ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶች ያለ ዕድሜ ጋብቻንና የመሳሰሉትን ጎጂ ልማዶች የሚታገሉበት አኒሜሽን፣ ኮሚክም የወጣለት። አንዳንድ የኮሚክ አፍቃሪ ጓደኞቼ «ትምህርታዊ» ብለው ያልፉታል። እኔ አልስማማም። ጀግና የሚወለደው በከተማ ብቻ እንዳልሆነ፣ የገጠር ልጅም ካባ ለብሳ መብረር እንደምትችል ቀድሞ ያሳየው ይህ ሥራ ነው። ድክመቱ መልእክቱ አንዳንዴ ከታሪኩ ቀድሞ መሮጡ ነው።

2018 እ.ኤ.አ. ግን ለእኛ ለአንባቢዎች የተለየ ዓመት ነበር። በየካቲት «ብላክ ፓንተር» በዓለም ዙሪያ ታየ። በማርቭል ፊልሞች ካርታ ምናባዊቷ የጀግናው አገር ዋካንዳ የምትገኘው ከቱርካና ሐይቅ አካባቢ፣ ከእኛው ደቡብ ምዕራብ ድንበር አጠገብ ነው። ከሸንጎው አባላት አንዱ ከንፈሩ ላይ ሸክላ አድርጎ ሲቀርብ፣ ከሚዛን ወደ ታች ወርዶ ሱርማዎችን ያየ ሰው የማንን ጌጥ እያየ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። ደስታም ቁጭትም ነው። ጌጡ የጎረቤታችን፣ ታሪኩ ግን የአሜሪካ ኩባንያ ንብረት።

በዚያው ዓመት ብሥራት ደበበ ያቋቋመው «እጣን ኮሚክስ» «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ስለዚህ መጽሐፍ ብዙ ማለት እወዳለሁ። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ቢሊየነር አይደለም፣ ከሌላ ፕላኔትም አልወደቀም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ደራሲው ከወሰናቸው ውሳኔዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ አንድ ግቢው እዚሁ ቴፒ ነውና፣ ዲግሪ ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት የሚቆም ወጣት በየቀኑ አያለሁ። መጽሐፉን ያዋስኩት ተመራቂ ሁሉ ልዩ ኃይሉ ከመምጣቱ በፊት ያሉትን ገጾች ነው ደጋግሞ የሚያነሳው። ኃይሉ ሲመጣማ ነገሩ ከሌሎች የጀግና ታሪኮች ጋር ይመሳሰላል፤ እዚያ ላይ አዲስ መንገድ ቢፈልግ ብዬ እመኛለሁ።

እሱን የተከተለችው «ሐዊ» በኪክስታርተር ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ የተሠራች ናት። ሳትወድ በግድ ከእናቷ ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣች፣ እናቷም የታፈነችባት ወጣት ታሪክ ነው። በሥዕል ረገድ ከ«ጀምበር» ትበልጣለች፤ በትረካም ትፈጥናለች። አገሩን የምናየው ግን በእንግዳ ዓይን ነው። ለዲያስፖራ ልጅ ይህ ትክክለኛው በር ነው። እዚህ ለተወለደ አንባቢ ግን ሁሌ አስጎብኚ ያስፈልገዋል እንደ ማለት ይሆንበታል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ላይ የተመሠረተው «ዙፋን» በበኩሉ ወደ ታሪክ መለስ አለ። እኔ ከሦስቱ የምመርጠው አቅጣጫ ይህንን ነው። የአርበኞች ዘመን ገና ብዙ ያልተነካ የኮሚክ ማዕድን ነው።

ስለ ፊደል አጻጻፍ ሳልናገር አላልፍም፣ ተቺዎች ሲያነሱት አላየሁምና። የንግግር ክቡ መጀመሪያ ለእንግሊዝኛ ተለክቶ ይሣልና አማርኛው በኋላ ይከተታል። የእኛ ግሥ ደግሞ አንድ ቃል ሆኖ ረጅም ነው። «እንዳልተነጋገርንበት» የሚለውን ጠባብ ክብ ውስጥ ለማስገባት ፊደሉ ይኮሰምናል፣ ወይም ቃሉ አላግባብ ይቆረጣል። ስልክ ላይ የሚያነብ ሰው በሁለት ጣቱ እየለጠጠ መፈለግ አለበት። ድምፁም እንደዚሁ ነው። ጓ፣ ድው፣ ሽው፣ ቷ የሚል ድምፅ ያለው ቋንቋ ይዘን፣ ድምፆቹ ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ በሚጻፍበት ፊደል ተተይበው ማየት ያበሳጫል። ብራና ላይ በቀይና በጥቁር ቀለም ፊደል ሲያሳምሩ የኖሩ ጸሐፊዎች አገር ነው። ድምፁ በእጅ ይሣል፤ ገጹን አቋርጦ ይሂድ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ቴፒ ውስጥ ጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። የሚሸጡት ደብተር፣ የ12ኛ ክፍል መልመጃና መንፈሳዊ መጽሐፍ ነው። ኮሚክ የለም። ተማሪው በቴሌግራም የወረደ የጃፓን ማንጋ ወይም የኮሪያ ዌብቱን ያነባል፤ የናሩቶን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር የሚነግርህ ልጅ ስለ ጀምበር ሰምቶ አያውቅም። በሻንጣ የሚደርሰው ቅጂም ቢሆን ወረቀቱ ራሱ እዚህ ያለውን አየር አይችልም። አንድ የማውቀው ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር በክረምቱ እርጥበት አንጸባራቂ ገጾቹ ተጣበቁ፤ ሲላቀቁ የአንዱ ገጽ ፊት ከሌላው ላይ ተልጦ ቀረ።

ኬንያውያን ይህንን ችግር በብልሃት አልፈውታል። በ2010 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ሹጃዝ» በነጻ የሚታደል ኮሚክ ነው። በጋዜጣ ውስጥ ታጥፎና በኤምፔሳ ወኪሎች ሱቅ በኩል፣ ወጣቱ በሚናገረው ሸንግ ተጽፎ ወጣ። በድብቅ ከመኝታ ክፍሉ ሬዲዮ የሚያሰራጨው ዲጄ ቦዪ የአንድ ትውልድ ጓደኛ ሆነ፤ ሥራውም በ2012 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ኤሚ ሽልማት አገኘ። እኛስ? ዛሬ የቴሌብር ወኪል የሌለበት ከተማ የለም። ኮሚክ በዚያ መንገድ ወደ ሚዛን አማን፣ ወደ ማሻ፣ ወደ ቦንጋ እንዳይሄድ የሚያግደው ምንድን ነው?

ዋጋውን በተመለከተ መልሱ ከጃፓን ይገኛል። ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጣው ሳምንታዊው «ሾነን ጃምፕ» በርካሽ ወረቀት በጥቁርና ነጭ የሚታተም መጽሔት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በሳምንት ከ6 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ይሸጥ ነበር። አንባቢ የሚይዘው ታሪኩ ሳምንት ጠብቆ መምጣቱ ነውና፣ ቀለም አለመኖሩ አላገደውም። የእኛ አሳታሚዎች ግን ውድ ወረቀት ላይ ባለ ሙሉ ቀለም አንድ መጽሐፍ ያወጡና፣ ሁለተኛው እስኪመጣ ልጁ ያድጋል። በጋዜጣ ወረቀት፣ በጥቁር መስመር፣ በደብተር ዋጋ ይውጣ። ደማቅ ጥቁር መስመር ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን የኖሩበት ጥበብ ነው፤ ከማንም አንበደርም።

ታሪኩም ከአዲስ አበባ ይውጣ። በ1897 እ.ኤ.አ. ለወራት ተዋግቶ የተማረከው የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ብቻውን ሦስት መጽሐፍ ይወጣዋል። ግዛቱን ለመጠበቅ የተቆፈሩት ጥልቅ ቦዮች፣ በደን ውስጥ የሚደረገው ማሳደድ፣ የሚጨፈልቀው ዝናብ... ሠዓሊ ለእነዚህ ነው እጁን የሚያሟሽ። ሸካ ውስጥ የጎሳ መሪዎች የሚጠብቁት፣ ዛፍ የማይቆረጥበት ቅዱስ ደን አለ። የዚያ ደን ጠባቂ የሆነች ጀግና ለማሰብ ዋካንዳ አያስፈልግም። ማጃንጉ፣ ሸኮው፣ ቤንቹ፣ ሸካው፣ ካፋው ከሌላ አካባቢ ቡና ፍለጋ ከመጣው ጋር በአንድ ገበያ የሚገበያይበት ቴፒ ራሱ፣ ለተከታታይ ታሪክ የሚሆን ገጸ ባሕርይ ሞልቶታል።

እስከዚያው ገዝቶ ማንበብ ለሚፈልግ፣ ሥራ ፈላጊ ወንድም ወይም እህት ላለው «ጀምበር» ይቅደም። ውጭ አገር ያደገች የአክስት ልጅ ለክረምት ከመጣች «ሐዊ»ን ይስጣት። አያቱ አርበኛ የነበሩ ደግሞ «ዙፋን»ን ይፈልግ። ከሸገር የሚመለስ ሰው ካገኛችሁ በሻንጣው ሁለት ሁለት ቅጂ ያምጣ፤ ቴፒ ላይ የሚቀበል አለ።