ጀልባ ገዝቶ ከመጎተት በፊት ስፋቷን መለካት

ያገለገለች ጀልባ በርካሽ ተገኘች ተብሎ ገንዘብ ከመቆጠሩ በፊት ሜትር መዘርጋት ይበጃል። በአሜሪካ ዋና ዋና አውራ ጎዳናዎች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው ስፋት በአብዛኛው 8 ጫማ ከ6 ኢንች ነው። የሚለካውም ከጀልባዋና ከተጎታቹ ሰፋ ያለው ነው።

ከዚህ ለሰፋች ጀልባ ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራል መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ስቴት ነው፤ የአንዱ ፈቃድ በሌላው ወሰን በአብዛኛው አይሠራም። 10 ጫማ የምትሰፋ ጀልባ ሜሪላንድ ተገዝታ በዋሽንግተን ዲሲ በኩል ወደ ቨርጂኒያ ብትወሰድ ሦስት ፈቃድ ሊያስፈልጋት ይችላል። በቨርጂኒያ ፈቃዱን የሚሰጠው መንጃ ፈቃድ የሚወጣበት መሥሪያ ቤት፣ ዲ.ኤም.ቪ.፣ ነው።

ፈቃዱ መንገዱንና ጊዜውን ይወስናል። ጉዞው በአብዛኛው በቀን ብርሃን ብቻ ሲሆን፣ በትልልቅ በዓላት ይከለከላል። ጭነቱ ከመጠን በላይ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍና ባንዲራዎችም ይደረጋሉ። ስፋቱ ከ12 ጫማ ሲያልፍ ብዙ ስቴቶች አጃቢ መኪና ይጠይቃሉ።

ያለ ፈቃድ የተያዘ ሾፌር ይቀጣል፤ ጉዞውም ሊቋረጥ ይችላል። አደጋ ከደረሰ ደግሞ ጣጣው ከቅጣቱ ይብሳል። ስለዚህ ገዢው የፈቃዱንና የአጃቢውን ወጪ አስቀድሞ ጠይቆ ከጀልባዋ ዋጋ ጋር ይደምር። ሳይደመር የተገዛ ርካሽ መንገድ ላይ ይወደዳል።