የሰላም ድርድሩ ከክትባት ቀን ይጀምር

«ጡረታ የወጣ ነርስን ፖለቲካ ምን ያገባዋል?» የሚል አይጠፋም። ያገባኛል። እኛ ነቀምቴ የምንኖር ሰዎች ፖለቲካን በቴሌቪዥን ብቻ አይደለም የምናውቀው። የልጅ ልጃችን ከጊምቢ ወይም ከሻምቡ ተነስቶ ነቀምቴ እስኪደርስ ስልክ በእጃችን ይዘን መጠበቃችን ፖለቲካ ነው። ለስኳር ሕመም የምንወጋው ኢንሱሊን ዋጋው መናሩም ፖለቲካ ነው። የገጠር ጤና ኬላ በር ተዘግቶ እናት የታቀፈችውን ሕፃን ሳታስከትብ ስትመለስ ይህም ያው ፖለቲካ ነው።

ስለዚህ እንደ አንድ አያትና እንደ አንድ የጤና ባለሙያ ሐሳቤን ልናገር። የምለው አጭር ነው፤ ለሰላም የሚደራደሩ ሰዎች ትልቁን ጥያቄ እስኪፈቱ ድረስ ትንሹን ስምምነት አይናቁት። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለታመመ ሰው መንገድ የሚከፍት ስምምነት ከሁሉ አስቀድሞ ይፈረም።

የሆነውን እናስታውስ። መንግሥት «ሸኔ» የሚለው፣ ራሱን ደግሞ የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ብሎ የሚጠራው ታጣቂ ቡድን ከፌዴራል መንግሥት ጋር በታንዛኒያ ሁለት ጊዜ ተደራድሯል። የመጀመሪያው ድርድር ሚያዝያ 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ተጀምሮ ከሳምንት በኋላ ያለ ስምምነት ተበተነ። ሁለተኛው በዳሬሰላም ተካሂዶ ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. እንደ ፊተኛው ያለ ውጤት አበቃ። መንግሥት የሌላው ወገን ጥያቄ የማይጨበጥ ነው አለ፤ ቡድኑ ደግሞ መንግሥት መሠረታዊውን ችግር ትቶ ለመሪዎቻችን ሥልጣን ሊሰጥ ብቻ ፈለገ አለ። ማን ትክክል ነው የሚለውን ለፖለቲከኞች ልተወው። እኔ የምቆጥረው ሌላ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ድርድር በተጀመረበት ቀን በወለጋ ገጠር የተወለደ አንድ ሕፃን አስቡ። በተወለደ ጊዜ የሳንባ ነቀርሳና የፖሊዮ ክትባት ያስፈልገዋል። በስድስት ሳምንቱ፣ በአሥር ሳምንቱና በአሥራ አራት ሳምንቱ ሌሎቹን መውሰድ አለበት። ተደራዳሪዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ተገናኝተው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ይህ ሕፃን ሰባት ወር ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። ከሁለት ወር በኋላ የኩፍኝ ክትባቱ ቀን ደረሰ። ድርድሩ ሌላ ቀጠሮ አልያዘም፤ የሕፃኑ ቀጠሮ ግን አላለፈውም። ጤና ኬላው ክፍት ከነበረ ተከትቧል፣ ካልነበረ አልተከተበም። ይህ ልጅ ዛሬ በእግሩ ይሮጣል፤ የኩፍኝ ወረርሽኝ ቢመጣ ግን ካርዱ ላይ የጎደለው ምልክት ሕይወቱን ሊያስከፍለው ይችላል።

ጦርነት ሰው የሚገድለው በጥይት ብቻ አለመሆኑን ለወላጆች ማስረዳት አያስፈልግም፤ እንዴት እንደሚገድል ግን በሙያዬ ልንገራችሁ። ክትባት ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ ካልቆየ ይበላሻል። ከከተማው ማቀዝቀዣ ወጥቶ በበረዶ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ቀበሌ እስኪደርስ ሰዓት የሚቆጠርለት ዕቃ ነው። መንገድ ላይ ኬላ ቢዘጋ ወይም ሾፌሩ ፈርቶ ቢመለስ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጣላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ተኩስ ባለበት መንገድ ቤት ለቤት ሂዱ ብሎ የሚያዛቸው ሰው ራሱ አባት ወይም እናት መሆኑን ማስታወስ አለበት።

ስልክም እንደዚያው ነው። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ብዙ አካባቢዎች ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ ነበር። ምጥ የያዛት እናት አምቡላንስ የምትጠራው በስልክ ነው። ስልክ ሲዘጋ የሚደናገረው ታጣቂ ብቻ አይደለም፤ አዋላጇም ሾፌሩም ጭምር ነው።

ወባን ደግሞ ተመልከቱ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ባሉት ወራት በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ታመዋል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል። ከክልሎች ሁሉ ትልቁን ቁጥር የያዘው ኦሮሚያ ነው። ወባ ምርመራና መድኃኒት በጊዜው ከተገኘ የሚድን በሽታ ነው። አጎበር ሳይደርስ፣ ቤት ሳይረጭ፣ መርማሪው ከቀበሌው ተፈናቅሎ ሲሄድ ግን ትንኟ ሥራዋን አታቆምም።

ስለ ኢኮኖሚውም ቢሆን ከዚሁ የተለየ ነገር የለኝም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ተደረገ፤ በዚያው ዕለት ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በአራት ዓመት የሚሰጥ 3.4 ቢሊዮን ዶላር አጸደቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ባለሙያዎቹ ይህ ለላኪ ይጠቅማል አሉ። እውነት ነው፣ በወረቀት ላይ ወለጋ ከዚህ የሚጠቀም አገር ነው። የዓለም ገበያ «ለቀምቲ» ብሎ የሚያውቀው ቡና ስሙን የወሰደው ከዚችው ከከተማችን ነው፤ ነቀምቴን የድሮ ሰዎች ለቀምት ይሏት ነበርና። ዶላር ሲወደድ የቡና አምራቹ ኪስ መሙላት ነበረበት።

ግን ቡናው ከጓሮ ወደ ገበያ የሚሄደው በመንገድ ነው። መንገዱ አስጊ ሲሆን ነጋዴው አይመጣም፣ የመጣውም ስጋቱን ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። የጭነት መኪና ኪራዩ ይጨምራል፤ ያገቱት ሰው ማስለቀቂያ የተጠየቀበት ቤተሰብ ደግሞ ቡናውን ገና ሳይደርቅ ይሸጣል። በሌላ በኩል አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ በዶላር የሚገባ ነው። ስለዚህ የብሩ መውረድ ጉዳቱ እስከ ፋርማሲያችን ድረስ መጥቷል፤ ጥቅሙ ግን ኬላው ላይ ቀርቷል። ለእኛ አካባቢ ከማንኛውም የኢኮኖሚ ማሻሻያ የሚበልጠው ማሻሻያ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ፣ ከነቀምቴ ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ ያለ ስጋት ሲከፈት ነው። የቡሬው መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ከጎጃም ጋር የሚያገናኘን ነውና፣ ሲዘጋ ንግዱም ጉርብትናውም አብረው ይዘጋሉ።

እንግዲህ ወደ ትንሹ ስምምነት እንመለስ። ይህ የእኔ የቡና ላይ ምኞት አይደለም፤ በዓለም ላይ ተሞክሯል። ኤል ሳልቫዶር በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ በነበረችበት በ1985 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር ሆኖ መንግሥትንና አማፂያንን ለመነ። ሁለቱም ወገኖች በሦስት የተለያዩ ቀናት መሣሪያቸውን አሳረፉ፤ ከ200 ሺህ በላይ ሕፃናት ተከተቡ። እስከ ሰላሙ ፊርማ ድረስም በየዓመቱ ይህን አደረጉ። ጎረቤታችን ሱዳን ውስጥም በ1995 እ.ኤ.አ. የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የጊኒ ዎርምን በሽታ ለመዋጋት ሲሉ የሰሜንና የደቡብ ተዋጊዎችን አስማምተው ተኩሱ ለስድስት ወር ያህል ቆመ። ይህ በሽታ በጋምቤላችንም የሚታወቅ ነው። በዚያ ፋታ የጤና ሠራተኞች ከጊኒ ዎርም ሌላ ሕፃናትንም ከትበዋል።

የራሳችንም ምሳሌ አለን። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ብዙ ያልተፈጸሙ ነገሮች አሉት፤ ዛሬም ያከራክራል። ነገር ግን ተፈርሞ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ኅዳር 6 ቀን፣ የቀይ መስቀል ሁለት መኪኖች 40 ቶን የሕክምና ቁሳቁስ ይዘው መቀሌ ገቡ። ስለ ሥልጣንና ስለ ወሰን የተነሣው ጥያቄ ገና አልተፈታም ነበር። ጓንትና መድኃኒት ግን አልጠበቀም።

የሚቃወሙኝን ሰዎች ሐሳብም አውቀዋለሁ። «ታጣቂው ፋታ ካገኘ ጉልበት ይሰበስባል» ይላል አንዱ። «መንግሥት በዕረፍቱ ወታደር ያስጠጋል» ይላል ሌላው። ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሱዳኑ ተኩስ አቁም ጦርነቱን አላስቆመም፣ የኤል ሳልቫዶርም ጦርነት እስከ 1992 እ.ኤ.አ. ቀጥሏል። ግን አንድ ቀን ቃሉን የጠበቀ ሰው ሁለተኛውን ቀን ለመጠየቅ ፊት ያገኛል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዚህ ነው። ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ከኦሮሚያ ክልል መንግሥት ጋር ስምምነት የፈረመውን የጃል ሰኚ ነጋሳን ወገን አንዳንዱ አመሰገነ፣ አንዳንዱ ናቀ። እኔ የምለው፣ ከጫካ የወጣ አንድ ልጅ እናቱን ካገኘ ያ ቀን ለዚያች እናት ሙሉ ሰላም ነው፤ የቀሩትን እናቶች ግን አንርሳ።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እሱም የፍትሕ ነው። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ ቶሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ አማራ የሆኑ ሰዎች ተገደሉ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። መንግሥት ታጣቂውን ቡድን ከሰሰ፤ ቡድኑ አልፈጸምኩም አለ። በሌላ በኩል ልጆቻቸው በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች የተገደሉባቸው ኦሮሞ ወላጆችም አሉ። ሁለቱም ሐዘንተኞች በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። ድርድር ማለት እነዚህን ሰዎች «እርሱት» ማለት ከሆነ እኔም አልደግፈውም። ነገር ግን የሞተውን ለማጣራትና የገደለውን ለመጠየቅም ቢሆን መጀመሪያ አጣሪው የሚሄድበት መንገድ መከፈት አለበት።

በኦሮሞ ባህል ለሙሽራ ልጅ በሠርጓ ቀን እናቷ የምትሰጣት በትር አለች፤ ሲንቄ ትባላለች። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በሚጣሉ ሰዎች መካከል ሲቆሙ ጠቡ መቆም አለበት፤ ያንን ጥሶ የሚያልፍ ይነወራል። ናይሮቢና ኦስሎ፣ ኢጋድና የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ ሲልኩልን እናመሰግናለን። ግን በጠረጴዛው ዙሪያ ሲንቄ የያዙ የወለጋ እናቶች ወንበር ቢኖራቸው የመጀመሪያው አጀንዳ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ተደራዳሪ እስኪሰማን ድረስ ግን በእጃችን ያለውን እናድርግ። የክትባት ካርድ ተፈናቅላችሁም ቢሆን አትጣሉት፤ ከመታወቂያችሁ ጋር አስቀምጡት። አንድ ልጅ ክትባት ቢያልፈው ከመጀመሪያው አይጀመርለትም፣ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ስለዚህ «ጊዜው አልፏል» ብላችሁ ከቤት አትቅሩ። ኩፍኝ ሁለት ጊዜ እንደሚሰጥ፣ ሁለተኛው በአሥራ አምስት ወር እንደሆነ አስታውሱ። ልጅ ትኩሳት ከያዘው መድኃኒት ከገበያ ከመግዛታችሁ በፊት ለወባ አስመርምሩት። ኢንሱሊን የምትወስዱ እኩዮቼ ሐኪም ሳታማክሩ ዋጋው ተወደደ ብላችሁ መጠኑን አትቀንሱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ማታ ዜና ስንሰማ ልጆች አብረውን ይሰማሉ። ስለ ታጣቂውም ስለ ወታደሩም ስንናገር የአንድን ሕዝብ ስም እየጠራን ከሆነ ልጁ ነገ ትምህርት ቤት የሚቀመጥበትን ወንበር እያጠበብንበት ነው። የደረሰውን በደል አንደብቀው፤ ያደረሰውን ሰው እንጂ ቋንቋውን አንክሰስ። ይህን ለማድረግ ዳሬሰላም መሄድ አያስፈልግም። ፊርማም፣ አደራዳሪም አይጠይቅም፤ ዛሬ ማታ ራት ላይ መጀመር እንችላለን።