ጆንያው፣ ሻጋታውና ኮርቲሶል

ከሚዛን እስከ ቴፒ በየስልኩ የሚዞር አንድ ወሬ አለ። ቤቷን የማታሰናዳ ሴት የአእምሮ ችግር እንዳለባት ሳይንስ አረጋግጧል ይላል። ከቡና ሲኒ ጋር ከቤት ቤት እየዞረ፣ ሳሎኗ በጆንያ የተሞላባትን እናት አንገት አስደፍቷል። ሳይንሱ እንዲህ አላለም። ያለው ሌላ ነው፤ ወሬውን ለሚያዛምቱትም የሚመች አይደለም።

ንጽህና ከተቅማጥ፣ ከአንጀት ትላትልና ከቁንጫ እንደሚጠብቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዓመታት አስተምረውናል፤ እሱን አልደግመውም። ጥያቄው የተሰናዳ ቤት መንፈስን በምን መንገድ ያረጋጋል የሚለው ነው።

በዚህ ጉዳይ ዘወትር የሚጠቀስ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሲሆን፣ ዳርቢ ሳክስቢና ሬና ረፔቲ የተባሉት ተመራማሪዎች በሎስ አንጀለስ የሚኖሩ፣ ባልም ሚስትም ሥራ ያላቸውን 30 ጥንዶች ካሜራ አስይዘው ቤታቸውን እንዲያስጎበኙ አደረጉ። ስለ ቤታቸው የተናገሩትን ቃል በቃል መረመሩ፤ ምራቃቸውን በቀን ደጋግመው እየወሰዱም ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ለኩ። ቤታቸው የተዝረከረከ፣ ያላለቀ ሥራ የበዛበት መሆኑን ደጋግመው ያነሱ ሴቶች የኮርቲሶላቸው የቀን ውጣ ውረድ ጠፍጣፋ ሆኖ ተገኘ። ቀኑ በገፋ ቁጥር ስሜታቸውም ይከፋ ነበር። በባሎቻቸው ላይ ግን ይህ አልታየም። ቤቱ አንድ፣ ዝርክርኩም አንድ ሆኖ ሳለ ሸክሙ በሚስትየዋ አካል ላይ ብቻ ወደቀ። ደግሞም የተለካው ወለሉ ላይ የወደቀው ልብስ ብዛት አልነበረም፤ ባለቤቲቱ ቤቷን እያየች የተናገረችው ነው።

ይህን ለመረዳት ኮርቲሶልን ቀረብ ብሎ ማየት ያሻል። የጭንቀት ሆርሞን እየተባለ ስሙ ከፋ እንጂ ያለ እሱ መኖር አይቻልም። ከኩላሊቶቻችን በላይ ከተቀመጡ ሁለት ትናንሽ እጢዎች ይመነጫል። ከእንቅልፍ ከነቃን በኋላ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጣሪያ ይነካል፤ የደም ስኳርን ከፍ አድርጎ ለሥራ ያነሳሳናል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እየወረደ እኩለ ሌሊት አካባቢ ከሁሉ ዝቅ ይላል። እንደ ጀበና ቡና ነው፤ አቦሉ ወፍራም፣ ቶናው ለስለስ ያለ፣ በረካው ቀጭን። ጠፍጣፋ ሆነ ማለት አቦሉ ቀጥኖ በረካው ወፈረ ማለት ነው።

ሥርዓቱ የራሱ ፍሬን አለው። አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ከሥሩ ያለችውን ፒቱታሪ እጢ ያዛል፤ ፒቱታሪ ደግሞ በደም በኩል ከኩላሊት በላይ ያሉትን እጢዎች ታዛለች፤ የመነጨው ኮርቲሶል ወደ አንጎል ተመልሶ ትእዛዙን ያስቆማል። ሰው ከውሻ ሮጦ ሲያመልጥ ይህ ፍሬን ብዙም ሳይቆይ ይይዛል። አስጨናቂው ነገር ማምለጫ የሌለው፣ ነግቶ በመሸ ቁጥር ዓይን ፊት የተገተረ ሲሆን ግን ትእዛዙ ደጋግሞ ይወጣል።

ታዲያ ከሁሉ አብልጦ የሚቀሰቅሰው ምንድን ነው? ሳሊ ዲከርሰንና ማርጋሬት ኬሜኒ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ሥራ 208 የላቦራቶሪ ጥናቶችን አጣምረው መረመሩ። ኮርቲሶል ከሁሉ በላይ የሚያሻቅበው ሁለት ነገር ሲገናኝ ነበር፦ ጉዳዩ ከሰውየው ቁጥጥር ውጭ ሲሆን፣ ሌላ ሰው እያየ ሲፈርድበት ደግሞ።

አሁን ሚዛን ዙሪያ ወዳለ አንድ የጭቃ ቤት እንግባ። ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። እሸቱ ተለቅሞ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ሰማዩ ይጠቁራል፤ ሸራ ካልደረሰለት ቡናው ተጠራርጎ ወደ ቤት ይገባል። ጀንፈሉ ዋጋ እስኪወጣለት በጆንያ ሳሎን ጥግ ይከመራል። በደንብ ያልደረቀ ቡና እርጥበት ይተፋል፤ ከግድግዳ ከተጠጋው ጆንያ ጀርባ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል፤ ገመድ ላይ የዋለ ልብስ ሳይደርቅ ይሸታል፤ ቀዩ ጭቃ በየጫማው ይገባል። ጠዋት የተጠረገው ወለል ለምሳ ያው ነው። ጆንያውን እንዳታወጣው የዓመት ገቢ ነው፣ ደጅ ካደረ ይሰረቃል። ዝናቡን አታስቆመው። ከቁጥጥር ውጭ ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ይመጣል፣ ያያል፤ ሁለተኛውም ነገር ተሟላ። ወሬው ሲጨመርበት ደግሞ ፍርዱ ይከብዳል። የአእምሮ ችግር ምልክት አገኘሁ እያለ የሚዞረው መልእክት ራሱ ጭንቀቱን ከሚያባብሱት አንዱ ሆነ። የሚያናድደኝም ይህ ነው።

የእርጥበቱን ነገር አቅልለን አንየው። እ.ኤ.አ. በ2007 ኤድመንድ ሸናሳና ባልደረቦቹ በ8 የአውሮፓ ከተሞች ወደ 6 ሺህ ከሚጠጉ አዋቂዎች የተሰበሰበ መረጃ መርምረው፣ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት ድብርት በብዛት እንደሚታይ አሳዩ። የዝምድናው አንዱ ክፍል ሻጋታው በሚያስከትለው ሕመም በኩል የሚያልፍ ነበር፤ ሌላው ክፍል ግን ቤቴን መቆጣጠር አቃተኝ በሚለው ስሜት በኩል።

እዚህ ላይ ግን ልጓም ያስፈልጋል። 30 ጥንዶች ጥቂት ናቸው። ላቦራቶሪ ውስጥ ለደቂቃዎች የሚፈጠር ጭንቀትም ከዓመታት ኑሮ ጋር እኩል አይደለም። ከሁሉ በላይ፣ ድብርት የያዘው ሰው መጥረጊያ ማንሳት ያቅተዋልና የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ ከእነዚህ ጥናቶች መለየት ያስቸግራል። የቡና ሰዓት ቤት ተጠርጎ፣ ቄጤማ ተጎዝጉዞ መንፈስ ሲታደስ፣ ያደሰው ጽዳቱ ይሁን ጨዋታው ብባል እኔ ለጨዋታው አደላለሁ።

ጠንከር ያለ ማስረጃ የመጣው ከሜክሲኮ ነው። መንግሥት በኮዋዊላ ግዛት የድሆችን የአፈር ወለል በሲሚንቶ ቀየረ። ተመራማሪዎች እነዚህን ቤተሰቦች ፕሮግራሙ ካልደረሳቸው፣ ከግዛቱ ድንበር ማዶ ካሉት አጎራባች ከተሞች ነዋሪዎች ጋር አወዳደሩ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። የልጆቹ ተቅማጥ፣ ትላትልና ደም ማነስ ቀነሰ። የእናቶቹ የድብርትና የጭንቀት መጠንም ዝቅ ብሎ ተገኘ። ቤታችሁን አሰናዱ ብሎ የመከራቸው ሰው አላስፈለገም፤ ሊጸዳ የሚችል ወለል ተሰጣቸው።

ስለዚህ በእኛ አገር ከምክር በፊት ሥራ ይቅደም። ጆንያው ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አንድ ክንድ ርቆ ይቀመጥ። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር መስኮትና በር ይከፈት። የሚቻለው ቤተሰብ ለቡናው ለብቻው ጎተራ ይሥራ፤ ያንን መሥራት የባልና የወንዶች ልጆች ድርሻ ይሁን። ጉልበት ያነሳት ሴት ሙሉውን ቤት ሳይሆን አንድ ጥግ ብቻ ታሰናዳ፤ ለድብርት ከሚሰጡት የንግግር ሕክምናዎች አንዱም በእንዲህ ያለ ትንሽና የሚያልቅ ሥራ የሚጀምር ነው።

ስትጠርግ የኖረች ሴት መጥረጉንም ቡና ማፍላቱንም ከተወች፣ እንቅልፍና ምግብ ከከዳት፣ ምንም ነገር ደስ አላሰኛት ካለና ይህም ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ጉዳዩ የቤት አያያዝ መሆኑ ቀርቷል። ድብርት ሊሆን ይችላል፤ ሕክምና አለው። አንድ ሰው ቤቱን ይያዝላት፣ ሌላው ወደ ጤና ጣቢያ ይዟት ይሂድ።