የሕዝብ ዐመፅ በሥዕልና በሐውልት

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ያደጉት ሠዓሊያን ዐድዋን ሲሥሉ ወገንን በሁለት ዓይን፥ ጠላትን በጐኑ በአንድ ዓይን ያሳያሉ፤ ድሉም ከላይ በነጭ ፈረስ ለተቀመጠው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ይሰጣል። ፈረንሳዊው ደላክሯ በ1830 እ.ኤ.አ. የተነሣውን የፓሪስ ዐመፅ ሲሥል በሕዝቡ ፊት ያቆመው የነጻነት ምሳሌ የሆነችን ሴት እንጂ ስም ያለውን አለቃ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው፥ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች የተሳተፉበት የትግላችን ሐውልት ግን ያን ስፍራ በሕይወት ላለ ገዥ፥ ለመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሰጠው፤ ሕዝቡ በቅርጹ ላይ ተከታይ ነው። ይሁን እንጂ በየካቲት 1966 ዓ.ም. አስቀድመው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች፥ መምህራንና የታክሲ ነጂዎች ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. የሌኒን ሐውልት ሲወርድ ይህኛው ቆሞ ቀረ።